ባሕር አሲዳማ ሲሆን ድምፅ ለምን ሩቅ ይሄዳል?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ድምፅ ሞገድ አስተምሬ ስጨርስ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና «መምህር፣ የባሕር ውሃ አሲዳማነቱ እየጨመረ ስለሆነ ድምፅን የመምጠጥ አቅሙ በ40 በመቶ ሊቀንስ ይችላል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ፤ እንዲህ ከሆነ ባሕሩ በ40 በመቶ የበለጠ ይጮኻል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ስላላወቅሁ «አጥንቼ እነግርሻለሁ» አልኳት፤ እዚህ የመጣሁትም ቃሌን ለመጠበቅ ነው።

እስከማውቀው ድረስ የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሚጓዝበት ነገር እፍጋትና ለመጨመቅ ባለው ተቃውሞ ነው፤ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ የሚጓዘው ድምፅ በባሕር ውስጥ 1500 ሜትር ገደማ የሚጓዘውም ለዚህ ነው። አሲዳማነት ግን የሃይድሮጅን አዮኖች ጉዳይ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በባሕር ውሃ ውስጥ እጅግ ጥቂት ናቸው። ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይጨምራል) 8.1 በሆነ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አዮን የአንድ ሞል መቶ ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ኢምንት ነገር የውሃውን እፍጋትም ሆነ የመጨመቅ ተቃውሞ የሚለውጥ አይመስለኝም። ታዲያ ድምፁን የሚነካው በምን መንገድ ነው? ደግሞስ ሁሉንም ድምፅ እኩል ይነካል ወይስ ወፍራሙን ከቀጭኑ ይለያል? ተማሪዎቼ ባሕር አይተው አያውቁም፤ እኔም ከሥዕልና ከፎቶግራፍ በቀር አላየሁም። የሚያውቅ ሰው ከመሠረቱ ጀምሮ ቢያስረዳኝ ለእነርሱም ለእኔም ትልቅ ነገር ነው።

መልስ 1፦ የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ትውልዴ ደብረ ሲና

መምህር፣ ግምትዎ ትክክል ነው፤ የሃይድሮጅን አዮኖቹ በራሳቸው ድምፁን አይነኩትም። የሚነኩት በሌላ ንጥረ ነገር በኩል ነው፤ እርሱም ቦሪክ አሲድ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ወደ 35 ግራም የሚጠጋ ጨው ሲገኝ፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ቦሮን የሚባለው ከ4 እስከ 5 ሚሊግራም ብቻ ነው። ለዝቅተኛ ድግግሞሽ ድምፅ መመጠጥ ግን ከጨዎቹ ሁሉ ይልቅ ይህ ጥቂቱ ይበልጣል። እኔ ይህን መጀመሪያ ስማር ለማመን ተቸግሬ ነበር።

ቦሪክ አሲድ በባሕር ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራል። አንደኛው ኤሌክትሪካዊ ሙል የሌለው ሞለኪውል ነው፤ ሁለተኛው ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ሃይድሮጅን አዮን በመልቀቅ አሉታዊ ሙል የያዘው ቦሬት ነው። ሁለቱ ያለማቋረጥ አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣሉ። ሙል ያለው አዮን በዙሪያው ያሉትን የውሃ ሞለኪውሎች ወደ ራሱ ስቦ ስለሚያጨናንቃቸው፣ ለውጡ ወደ ቦሬት ባደላ ጊዜ ውሃው የሚይዘው ቦታ በጥቂቱ ይጠብባል፤ ወደ ቦሪክ አሲድ ሲመለስ ደግሞ መልሶ ይሰፋል።

ድምፅ በውሃ ውስጥ የሚሄደው ግፊትን እየጨመረና እየቀነሰ ነው። ግፊት ሲጨምር ሚዛኑ ጠባብ ቦታ ወደሚይዘው ወደ ቦሬት ያጋድላል፤ ሲቀንስ ይመለሳል። ይህ ለውጥ ግን በቅጽበት የሚፈጸም አይደለም፤ ከሰከንድ አሥር ሺህኛ በጥቂቱ የሚበልጥ ጊዜ ይወስድበታል። የድምፁ ንዝረት ከዚህ እጅግ የዘገየ ከሆነ ኬሚካላዊው ለውጥ ከግፊቱ ጋር እኩል እየተራመደ የወሰደውን ጉልበት ሁሉ ሊባል በሚችል መጠን ይመልሳል። ንዝረቱ እጅግ የፈጠነ ከሆነም ለውጡ ለመጀመር እንኳ ጊዜ ስለማያገኝ በእያንዳንዱ ንዝረት የሚወስደው ነገር እምብዛም ነው። ሁለቱ ሲቀራረቡ ግን ለውጡ ከግፊቱ ኋላ እየቀረ ይከተላል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው ገና እየጠበበ ነው፣ ግፊቱ ሲመጣ ገና እየሰፋ ነው። የጥጥ ፍራሽ በእጅ ተጭነው ሲለቁት ቀስ ብሎ እንደሚነሳና የተጫኑበትን ጉልበት መልሶ እንደማይሰጥ ሁሉ፣ በዚህ መዘግየት ውስጥ ከድምፁ ጉልበት የተወሰነው ወደ ሙቀት ተለውጦ ይቀራል። መመጠጥ የምንለው ይህንን ነው። ለቦሪክ አሲድ ይህ መገጣጠም የሚሆነው በ1 ኪሎ ሄርትዝ፣ ማለትም በሰከንድ 1000 ንዝረት፣ አካባቢ ነው።

ከዚያ በላይ ላለው ድምፅ ሌላ ባለ ድርሻ አለ፤ ማግኒዚየም ሰልፌት። ከ10 እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ሄርትዝ ባለው ክልል የሚገዛው እርሱ ነው፤ ከዚያም በላይ የውሃው የራሱ ዝልግልግነት ያይላል። የማግኒዚየም ሰልፌቱ ነገር ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሰርጓጅ መርከብ ለማደን ሶናር (በውሃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ የሚፈልግ መሣሪያ) ሲሠራ፣ የባሕር ውሃ ከንጹሕ ውሃ ብዙ እጥፍ ድምፅ እንደሚመጥ ታወቀና ምክንያቱ ግራ አጋባ። ያን እንቆቅልሽ ከተከታተሉት አንዱ ጀርመናዊው ማንፍሬድ አይገን ነበር፤ እጅግ ፈጣን የሆኑ ኬሚካላዊ ለውጦችን ለመለካት ባበጀው ዘዴም እ.ኤ.አ. በ1967 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከሁለት እንግሊዛውያን ጋር ተጋርቷል። የቦሪክ አሲዱ ጉዳይ የተፈታው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ዊልያም ቶርፕ ከ1 ኪሎ ሄርትዝ በታች ያለው መመጠጥ በማግኒዚየም ሰልፌት ብቻ ሊብራራ ከሚችለው በላይ መሆኑን በልኬት አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ኧርነስት ዬገር፣ ፍሬደሪክ ፊሸርና ባልደረቦቻቸው ምክንያቱ ቦሪክ አሲድ መሆኑን አረጋገጡ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ጨዋማ በሆነ ውሃ ነው። በእኛ ወንዞችና ሐይቆች ጣፋጭ ውሃ ውስጥ ሁለቱም መጣጮች እዚህ ግባ የሚባል መጠን የላቸውም። ለተማሪዎችዎ ባሕርን ለማቅረብ ከፈለጉ ድሮ ከአፋር ቆላ በግመል ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወጣ ከነበረው ጨው ይጀምሩላቸው፤ የአፋር ዝቅታ የተወሰነ ክፍል በአንድ ዘመን ቀይ ባሕር የገባበት ነበርና።

ጠያቂው፦ የፊዚክስ መምህር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የመዘግየቱን ነገር በሚገባ ተረድቻለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ተጣርሶብኛል። አሲዳማነት ሲጨምር የሃይድሮጅን አዮን ይበዛል፤ ሃይድሮጅን አዮን ሲበዛ ደግሞ ቦሬቱ ወደ ቦሪክ አሲድ ይመለሳል። እንዲህ ከሆነ ቦሪክ አሲዱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። መጣጩ ቦሪክ አሲድ ነው ከተባለ መመጠጡም መጨመር አልነበረበትም?

መልስ 2፦ የኬሚስትሪ አስተማሪ

ይህ የብዙ ሰው መሰናክል ነው፤ «መጣጩ ቦሪክ አሲድ ነው» የሚለው አጭር አነጋገር ያሳስታል። የሚመጠው ቦሪክ አሲዱ ብቻውን ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው ልውውጥ ነው። ልውውጥ እንዲኖር ሁለቱም ወገኖች መገኘት አለባቸው፤ የሚወስነውም የጎደለው ወገን ነው። በባሕር ውስጥ ሁልጊዜ የሚያንሰው ቦሬቱ ነው።

በቁጥር እንየው። ቦሪክ አሲድና ቦሬት በባሕር ውሃ ውስጥ እኩል የሚሆኑት ፒኤቹ 8.6 ገደማ ሲሆን ነው። ዛሬ የውቅያኖሶች የላይኛው ውሃ በአማካይ 8.1 አካባቢ ስለሆነ፣ ከ100 የቦሮን ቅንጣቶች 24 ያህሉ ቦሬት፣ 76ቱ ቦሪክ አሲድ ናቸው። ፒኤቹ ወደ 7.8 ቢወርድ ቦሬቱ ወደ 14 ዝቅ ይላል፤ ቦሪክ አሲዱ ወደ 86 ከፍ ይላል። የበዛው ከ76 ወደ 86 ማደጉ ለልውውጡ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ያነሰው ከ24 ወደ 14 መውረዱ ግን ከ40 በመቶ በላይ ጉድለት ነው። ተማሪዎ ያነበበችው 40 ከዚህ ጋር መቀራረቡ ያለ ምክንያት አይደለም።

ፒኤቹ ለምን እንደሚወርድ ያውቁታል፤ ለሌሎች አንባቢዎች ግን ላስታውስ። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን 280 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ሰው ከሚለቀው ሩብ ያህሉን ባሕር ስለሚወስድና በውሃው ውስጥ ካርቦኒክ አሲድ ስለሚሆን፣ የላይኛው ውሃ ፒኤች ከ8.2 ወደ 8.1 ወርዷል። ልኬቱ ሎጋሪዝማዊ ስለሆነ ይህች 0.1 የሃይድሮጅን አዮኑን በ26 በመቶ ጨምራለች፤ 0.3 ብትሆን እጥፍ ታደርገዋለች። የካርቦን ልቀቱ ካልተገታ እስከ እ.ኤ.አ. 2100 ድረስ ወደ 7.8 ሊወርድ እንደሚችል ይገመታል።

መልስ 3፦ የድምፅ መሐንዲስ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጥቼ አሁን አዲስ አበባ

የኬሚስትሪ አስተማሪው ምክንያቱን አጥርተው አስቀምጠውታል፤ እኔ ደግሞ የልጅቷን ጥያቄ በመጠን ልመልስ። ሥራዬ አየር ላይ ያለ ድምፅ ቢሆንም የባሕሩን ጉዳይ ለብዙ ጊዜ ስከታተለው ቆይቻለሁ፤ በመቶኛ ብቻ ሲነገር ምን ያህል እንደሚያሳስትም አይቻለሁ።

ማይክል አይንስሊና ጄምስ ማኮልም እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ቀላል ቀመር አለ፤ ሙቀትን፣ ጨዋማነትን፣ ጥልቀትንና ፒኤችን አስገብቶ መመጠጡን በየኪሎ ሜትሩ በዴሲቤል (በድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ይሰጣል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ 35 ለሆነ የላይኛው ውሃ እኔ ራሴ አስልቼዋለሁ። በ1 ኪሎ ሄርትዝ፣ ማለትም በፉጨት ድምፅ አካባቢ፣ ፒኤቹ 8.1 ሲሆን መመጠጡ በኪሎ ሜትር 0.072 ዴሲቤል ነው፤ ወደ 7.8 ሲወርድ 0.046 ይሆናል፤ ይህም 36 በመቶ ያህል መቀነስ ነው። በ100 ሄርትዝ ከ0.0012 ወደ 0.0007 ይወርዳል፤ በመቶኛ ሲታይ ይበልጣል፤ መጠኑ ግን ከምንም የማይቆጠር ነው። በ10 ኪሎ ሄርትዝ ማግኒዚየም ሰልፌት ስለሚያይል ቅነሳው 6 በመቶ ብቻ ነው፤ በ100 ኪሎ ሄርትዝ ደግሞ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መምህር፣ አሲዳማነት ወፍራሙን ከቀጭኑ ይለያል። ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበትን የጥልቀት መለኪያ አይነካውም፤ የሚነካው ከጥቂት ኪሎ ሄርትዝ በታች ያለውን ነው።

አሁን ወደ «ይጮኻል» እንምጣ። በ1 ኪሎ ሄርትዝ የሚሰማ ድምፅ 100 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ዛሬ በመመጠጥ የሚያጣው 7 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ፒኤቹ 7.8 ሲሆን 4.6 ያጣል። ልዩነቱ 2.6 ዴሲቤል ነው። ነገር ግን ያው ድምፅ ከምንጩ ሲርቅ በመበተን ብቻ የሚያጣው ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ውሃው ከላይና ከታች አጥሮ በስፋት ብቻ እንዲበተን ቢያስገድደው እንኳ ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር እስከ መቶኛው 20 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ100 ሄርትዝማ 1000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እንኳ በፒኤቹ ምክንያት የሚመጣው ልዩነት ግማሽ ዴሲቤል አይሞላም።

ሌላም ነገር አለ። በአንድ የባሕር ክፍል በ1 ኪሎ ሄርትዝ አካባቢ የሚሰማው ጫጫታ በአብዛኛው ከሩቅ የመጣ ሳይሆን በቅርብ ካሉ መርከቦች፣ ከነፋስና ከማዕበል የመጣ ነው። የቅርቡ ድምፅ ለመመጠጥ በቂ መንገድ ስላልሄደ መመጠጡ መቀነሱ አይጨምርበትም። እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ የሞንተሬይ ቤይ የምርምር ተቋም ባለሙያዎች፣ ኪት ሄስተርና ፒተር ብሩወር ያሉበት ቡድን፣ መመጠጡ በ40 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ሲያሳውቁ ጉዳዩ በዓለም ተሰማ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ቤንጃሚን ሪደርና ቺንግሳንግ ቺዩን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች የመበተኑን ነገር ጨምረው ሲያሰሉት፣ በጠቅላላው ጫጫታ ላይ የሚመጣው ለውጥ እጅግ አነስተኛ ሆኖ አገኙት። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ስለ መመጠጥ፣ ሁለተኛዎቹ ስለ ጫጫታ ነው የተናገሩት። ልጅቷ ያነበበችው ጽሑፍ ሁለቱን አንድ አድርጎባታል።

መልስ 4፦ የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኛ፣ መሐል ሜዳ

ሰላም ወንድሞቼ። ሁሉንም በጥሞና አነበብኩት፤ አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። «ከምንም የማይቆጠር» እያልን ለተማሪዎች ከነገርናቸው ባሕሩ ምንም አልሆነም ብለው ይወስዱታል። በጓሳ ሣሩ ሲመናመን መጀመሪያ ማንም አያስተውለውም፤ አይጦቹ ሲቀንሱ፣ በኋላም ቀይ ቀበሮው ሲርቅ ነው ሰው የሚነቃው። ዓሣ ነባሪዎች የሚነጋገሩት በዚሁ በዝቅተኛው ድምፅ ነው ይባላል። መመጠጡ ከቀነሰ ድምፃቸው ከመርከብ ጩኸት ጋር እየተቀላቀለ ግራ አይጋቡም? ይህን የማነሳው ለመከራከር ሳይሆን፣ የተፈጥሮ ጉዳት ሁልጊዜ ከጥቂት ስለሚጀምር ነው።

መልስ 5፦ የድምፅ መሐንዲስ

ወንድሜ፣ ስጋትህን እጋራለሁ፤ ጉዳቱን ግን ባለበት ቦታ ብናስቀምጠው ይሻላል። ታላቁ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪና ፊን የሚባለው ዓሣ ነባሪ በ20 ሄርትዝ አካባቢ ነው የሚጣሩት። በዚያ ድግግሞሽ መመጠጡ ዛሬም ቢሆን የለም ሊባል ይችላል፤ በቀመሩ መሠረት 10,000 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ድምፅ እንኳ ግማሽ ዴሲቤል አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1991 ዋልተር ሙንክና ባልደረቦቹ በደቡባዊው የህንድ ውቅያኖስ ከኸርድ ደሴት አጠገብ 57 ሄርትዝ ድምፅ ሲያሰሙ በአሜሪካ ምሥራቅም ምዕራብም ጠረፍ በኩል ተሰምቷል። ከመጀመሪያው ያልነበረ ነገር ሊቀንስ አይችልም። ፒኤቹ የሚነካው ከዚያ ከፍ ብለው የሚዘምሩትን፣ ለምሳሌ ድምፃቸው ከመቶዎች እስከ ሺዎች ሄርትዝ የሚደርሰውን ሀምፕባክ የሚባሉትን ነው፤ እነርሱም ላይ የሚመጣው ልዩነት ከላይ እንዳሰላሁት ጥቂት ዴሲቤል፣ ያውም በመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ነው።

የመርከቦቹ ነገር ግን ሌላ ነው። በካሊፎርኒያ አቅራቢያ በአንድ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽና ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ በተደረጉ ልኬቶች መካከል፣ ከ30 እስከ 50 ሄርትዝ ያለው ጫጫታ ከ10 እስከ 12 ዴሲቤል ጨምሮ ተገኝቷል። 10 ዴሲቤል በጉልበት አሥር እጥፍ ነው። ያንን ያደረገው አሲድ ሳይሆን የመርከብ ብዛትና መጠን ነው፤ መመጠጥ ሊያመጣው ከሚችለው ሁሉ በብዙ ይበልጣል። ለዓሣ ነባሪ የሚቆረቆር ሰው ጉልበቱን የመርከብ ሞተርንና የመዘውር ድምፅን በመቀነስ ላይ ቢያውል ነው የሚጠቅመው። አሲዳማነቱ ደግሞ ዋና ጉዳቱ ካርቦኔት በመቀነሱ ዛጎልና ኮራል በሚገነቡ ፍጥረታት ላይ ነው፤ ለልጆቹ ስለ አሲዳማነት ስናስተምር ከዚያ ብንጀምር እመርጣለሁ።

መልስ 6፦ የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ፣ ጣርማ በር

ልጆቼ፣ ስለ ባሕር የሚያወራ ሰው በእኛ አገር ሳገኝ ደስ ይለኛል። በወጣትነቴ ቀይ ባሕር ላይ በሶናር ክፍል አገልግያለሁ፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቼ የምኖረው ባሕር ከማይታይበት ከዚህ ገደል አፋፍ ላይ ነው።

የምነግራችሁ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። ጠዋት ጥሩ ይሰማ የነበረ ዒላማ ከቀትር በኋላ ይጠፋብን ነበር። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ውሃውም አሲድ አልጨመረም። ፀሐይ የላይኛውን ውሃ ስታሞቀው ድምፅ በሞቀው ውሃ ውስጥ ስለሚፈጥን፣ ጨረሩ ወደ ቀዝቃዛው ወደ ታች ይጎብጥና ከእኛ ርቆ ወደ ጥልቁ ይሰጥማል። የባሕር ሰዎች ይህን የቀትር በኋላ ችግር እያሉ ያውቁታል። በአንድ ቀን ውስጥ የሚመጣው ይህ ለውጥ ፒኤች በመቶ ዓመት ሙሉ ከሚያመጣው በላይ ነው። ስለዚህ ድምፅ በባሕር ውስጥ የት ይደርሳል ለሚለው የመጀመሪያው መልስ መጉበጥ ነው፤ መመጠጥ ቀጥሎ ይመጣል።

ድምፅ በጥልቅ ባሕር ሩቅ የሚሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው። በውቅያኖስ ውስጥ ከላይ ሙቀት፣ ከታች ግፊት ድምፁን ስለሚያፈጥኑት፣ በመካከል፣ በብዙ ቦታ 1000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ፍጥነቱ የሚያንስበት ንጣፍ አለ። ወደ ላይም ወደ ታችም ሊያመልጥ የሞከረ ድምፅ ተመልሶ ወደዚያ ይጎብጣል፤ ላይኛውን ማዕበልም ታችኛውን ጭቃም ሳይነካ ይጓዛል። እኛ በሠራንበት ቀይ ባሕር ግን ጥልቁም ጭምር 22 ዲግሪ ገደማ ሞቃት ስለሆነ ነገሩ የተለየ ነው።

መምህር ይህን ለልጆቹ ለማሳየት ባሕር አያስፈልጋቸውም። በውርጭ ማለዳ የቤተ ክርስቲያን ደወል ከገደል ማዶ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ቀትር ላይ ያው ደወል ይደክማል። ማለዳ መሬት አጠገብ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ድምፁ ወደ ምድር ይጎብጣል፤ ቀትር ላይ ግን መሬቱ ሲግል ወደ ሰማይ ይጎብጣል። ሕጉ አንድ ነው።

ጠያቂው፦ የፊዚክስ መምህር

ጋሼ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ የደወሉን ነገር እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከባሕሩ ጋር አንድ መሆኑን ግን አላሰብኩትም ነበር። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከዚያ እጀምራለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። የቦሪክ አሲዱ ነገር በስሌት ብቻ የሚታመን ነው ወይስ በባሕር ላይ የታየ ማስረጃ አለው? ደግሞስ በክፍል ውስጥ በባልዲ ውሃ ጨውና ቦሪክ አሲድ ጨምሬ ልለካው እችላለሁ? ቦሪክ አሲድ መድኃኒት ቤት ይገኛል።

መልስ 7፦ የኬሚስትሪ አስተማሪ

በባልዲ አይሆንም መምህር፤ ምክንያቱን ከመሐንዲሱ ቁጥሮች ያገኙታል። በኪሎ ሜትር 0.07 ዴሲቤል ማለት በአንድ ሜትር ባልዲ ውስጥ 0.00007 ዴሲቤል ነው፤ የባልዲው ግድግዳ የሚመጠው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሮበርት ሊዮናርድን የመሰሉ ተመራማሪዎች ክብ ዕቃ በውሃ ሞልተው እንደ ደወል እያስተጋቡት፣ ድምፁ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ ይለኩ ነበር፤ ያ ግን የግድግዳውን ብክነት በብልሃት ማስወገድን ስለሚጠይቅ በክፍል ውስጥ አይሞከርም።

ማስረጃው ግን በባሕር ላይ ራሱ ተቀምጧል። የሰሜን ፓስፊክ ጥልቅ ውሃ ለረጅም ዘመን ከአየር ተለይቶ ሲጓዝ የቆየ አሮጌ ውሃ ነው። ከላይ የሚወርደው የሞቱ ፍጥረታት ብስባሽ በውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚጨምርበት ፒኤቹ ከሰሜን አትላንቲክ ያነሰ ነው። በሁለቱ ውቅያኖሶች በዚያ ጋሼ በገለጹት የድምፅ መተላለፊያ ንጣፍ ላይ ሲለካ፣ የዝቅተኛ ድምፅ መመጠጡ በሰሜን ፓስፊክ ከአትላንቲኩ ግማሽ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ጨዋማነቱ ተቀራራቢ ነው፤ ዋናው ልዩነት ፒኤቹ ነው። ተፈጥሮ ከእኛ በፊት ሙከራውን ሠርታልናለች።

ከዚህ የምንረዳው ሌላም ነገር አለ። ሰው የለቀቀው ካርቦን ከላይ ስለሚገባ የመጀመሪያው ለውጥ በላይኛው ውሃ ነው የሚታየው። ታቲያና ኢሊና፣ ሪቻርድ ዚበና ፒተር ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በከፍተኛ ኬክሮስና የላይኛው ውሃ ወደ ጥልቁ በሚሰጥምባቸው ቦታዎች መመጠጡ እስከ እ.ኤ.አ. 2100 ድረስ እስከ 60 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አስልተዋል። ተማሪዎ «40» ስትል ያነበበችው የአንድ የፒኤች ለውጥ ውጤት ነው እንጂ የባሕሩ ሁሉ አይደለም።

ጠያቂው፦ የፊዚክስ መምህር

ለተማሪዬ ዛሬ ነገርኳት። መመጠጡና ጫጫታው የተለያዩ መሆናቸውን ወዲያው ተረዳች፤ ቁጥሮቹንም በደብተሯ ላይ ገለበጠች። ከዚያም «መምህር፣ ባሕሩ አሲዳማ ብቻ ሳይሆን እየሞቀም ነው፤ ሙቀቱ መመጠጡን ይመልሰዋል ወይስ ያብሰዋል?» አለችኝ። ይህንንም ለእናንተው አምጥቻለሁ።

መልስ 8፦ የድምፅ መሐንዲስ

በዝቅተኛው ድምፅ ያብሰዋል። ውሃው ሲሞቅ የቦሪክ አሲዱና የቦሬቱ ልውውጥ ስለሚፈጥን፣ የሚገጣጠሙበት ድግግሞሽ ከፍ ይላል፤ በ10 ዲግሪ 1.15 ኪሎ ሄርትዝ የነበረው በ12 ዲግሪ ወደ 1.24 ይወጣል። ከዚያ በታች ላለው ድምፅ ልውውጡ ይበልጥ እኩል ስለሚራመድለት የሚባክነው ጉልበት ያንሳል፤ በ100 ሄርትዝ የቦሪክ አሲዱ ድርሻ ፒኤቹ ሳይለወጥ እንኳ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በ1 ኪሎ ሄርትዝ ግን ከመገጣጠሚያው አጠገብ ስለሆነ ለውጡ ከ2 በመቶ በታች ነው።

ልጅቷ ራሷ ትሞክረው። የመገጣጠሚያውን ድግግሞሽ በ0.106 ታባዛውና በድምፁ ድግግሞሽ ካሬ ታባዛዋለች፤ ሁለቱም በኪሎ ሄርትዝ ይሁኑ። ያንን ለሁለቱ ድግግሞሾች ካሬዎች ድምር ታካፍለዋለች። በመጨረሻም ከፒኤቹ ላይ 8 ቀንሳ በ0.56 ታካፍልና፣ 2.718ን በዚያ ውጤት ከፍ አድርጋ ታባዛበታለች። የሚወጣው የቦሪክ አሲዱ ድርሻ ነው፤ በኪሎ ሜትር በዴሲቤል። የመገጣጠሚያውን ድግግሞሽ መጀመሪያ በ1.15፣ ቀጥሎ በ1.24 ብትሠራው ሰባቱን በመቶ ደብተሯ ላይ ታገኘዋለች።